የካምቢዮ ዘይት አይቀየርም? በቅንጦት መኪና አያያዝ ላይ የተነሣ ክርክር

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምይዘው መኪና አዲስ ሳለ ከዘመኑ ትልልቅ የቅንጦት አውቶሞቢሎች አንዱ ነበር። ስምንት ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ የአየር ሞላ፣ ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ተርቦ ሞተር አለው። እኔ ሦስተኛ ባለቤቱ ነኝ። የአምራቹን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ የካምቢዮ ዘይት መቼ እንደሚቀየር የሚናገር አንድ መስመር አጣሁ። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ይቀየራል ወይስ አይቀየርም?

ከጥያቄው ጋር አንድ እምነቴንም ላስቀምጥ። እንዲህ ያለ መኪና ዕድሜው ሲገፋ የመሸጫ ዋጋው በፍጥነት ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። በዚህ ምክንያት ሁለተኛውና ሦስተኛው ባለቤት ትንሿን ብልሽት ትቆይ ይላታል። መኪናውን የሚጨርሰው ይህ ማቆየት ነው ባይ ነኝ። በእነዚህ መኪኖች ውስጥ አንድ ክፍል ብቻውን አይሞትም፤ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። ተቃውሞ ያለው ይጻፍ። ዳሽቦርድ ላይ መብራት ከመብራቱ በፊት መሠራት ያለበትን የሚያውቅም ይንገረን።

የመልሶቹ ማጠቃለያ

ክሩ ስለረዘመ አዲስ የሚገቡ አባላት ሁሉንም ማገላበጥ እንዳይኖርባቸው መልሶቹን በቁጥራቸው አሰባስቤያለሁ። ያመንኩበትንና ያላመንኩበትን በየቦታው እናገራለሁ።

መልስ 1 በጨዋ አንደበት የተጻፈ ነው። ጸሐፊው መመሪያው እንዲከበር ይፈልጋል፤ መኪናው ራሱ አነዳዱን እየተከታተለ የአገልግሎት ቀኑን ስለሚያሳውቅ ከዚያ ቀድሞ ዘይት ማፍሰስ ብክነት መሆኑን አስረድቷል።

መልስ 2 እርሱን በትሕትና አርሞታል፤ ጥያቄዬም ዋናውን መልስ ያገኘው እዚህ ነው። ካምቢዮውን የሚሠራው ብዙ ጊዜ መኪናውን የሚሠራው ድርጅት አይደለም። ቢኤምደብሊው፣ ኦዲ፣ ጃጓርና ሌሎችም በብዙ መኪኖቻቸው ላይ የሚገጥሙት ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮ የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ሥራ ነው። ዜድ ኤፍ ራሱ ደግሞ እንደ አነዳዱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ወይም በ8 ዓመት ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራል። የአዲስ መኪና ሻጭ የሚያስበው ስለ መጀመሪያው ባለቤት ነው፤ ካምቢዮ ሠሪው ግን ካምቢዮው ከዚያ በኋላም እንዲኖር ይፈልጋል።

ይኸው ጸሐፊ አሠራሩንም አብራርቷል። በብዙዎቹ ፊልትሮው ከፕላስቲክ የዘይት መያዣው ጋር አንድ አካል ስለሆነ ፊልትሮውን ለመቀየር መያዣውን እንዳለ መለወጥ ግድ ነው። የዘይቱ ልክ የሚታወቀው መኪናው ደልዳላ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የካምቢዮው ዘይት ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ እያለ ከመሙያው ቀዳዳ ተርፎ መፍሰስ ሲጀምር ነው። ሙቀቱ በስካነር፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነብ መሣሪያ፣ ይነበባል እንጂ በእጅ ዳሰሳ አይገመትም።

መልስ 3 የመጣው ችግሩ ከደረሰበት ሰው ነው። ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ገዝቶ የካምቢዮውን ዘይት ካስቀየረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ማርሹ መንሸራተት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ያረጀ ዘይት ባይነካ ይሻላል የሚል አቋም ይዟል። መልስ 4 ምንም አልራራለትም፤ ቀድሞ የተጎዳ ካምቢዮ ላይ ዘይት ቀይሮ ዘይቱን መክሰስ እንዴት ይቻላል ሲል በቁጣ ጻፈበት። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ ነገሩ ግን ልክ ነው። አብዛኛው ሰው የካምቢዮ ዘይት ትዝ የሚለው መኪናው ማርሽ ሲለውጥ መደንገጥ ወይም መዘግየት ከጀመረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ ተበልተዋል። በዚያ ላይ ልኩ ሳይረጋገጥ ዘይቱ ጎድሎ ከተዘጋ ጤነኛውም ካምቢዮ ይንሸራተታል። የመልስ 3 ጸሐፊ ተመልሶ መጥቶ፣ ዘይቱ ሲሞላ ሙቀቱን በስካነር ያየ ሰው እንዳልነበረ ሳይደብቅ ነገረን። ስድብ ለቀረበበት ሰው ይህን መናገር ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ አመሰግነዋለሁ።

በመልስ 5 ክሩ ወደ አየር ሞላ ዞረ። የጻፈው ለዓመታት በዚህ ሥራ ላይ የቆየ መካኒክ ነው፤ ማቆየት ምን እንደሚያስከትልም ከሁሉ በተሻለ ያሳየው እሱ ይመስለኛል። መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ኤስ ክላስ ላይ ኤርማቲክ የተባለውን የአየር ሞላ ይዞ መጣ፤ ዛሬ በትልልቅ የቅንጦት መኪኖች ዘንድ የተለመደ ነገር ነው። አየሩን የሚይዘው ከረጢት ጎማ ነው፤ ጎማ ደግሞ በዕድሜ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሲጀምር ከፀጉር የቀጠነ ነው። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር በአንድ ጥግ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ሞተር ሲነሣ ኮምፕሬሰሩ ሞልቶ ቀጥ ያደርገዋል፣ ባለቤቱም ይረሳዋል። ኮምፕሬሰሩ ግን የተሠራው ጥቂት ሠርቶ እንዲያርፍ ነው። የሚያፈስ ሞላ ሲገጥመው አያርፍም፤ ይግላል፣ ውስጡ ይበላል። የሚያበራው ሪሌም በዚያ ብዛት ሊጣበቅ ይችላል። ሪሌው ከተጣበቀ ኮምፕሬሰሩ መኪናው ጠፍቶም ይሠራል፣ ባትሪውን ይጨርሳል፣ በመጨረሻ ራሱ ይቃጠላል። በአንድ ሞላ ያልቅ የነበረው ጥገና ሞላ፣ ኮምፕሬሰር፣ ሪሌና ባትሪ ሆነ ማለት ነው።

መካኒኩ አዲስ ኮምፕሬሰር ከአሮጌ ሪሌ ጋር መግጠም ሥራውን ደግሞ መሥራት እንደሆነ አስጠንቅቋል። ፍሳሹን ለመፈለግ የሳሙና ውሃ በቱቦው መጋጠሚያና በጎማው እጥፋት ላይ መርጨት ይበቃል፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ እሱ ነው። ሌላም ያነሣው ነገር አለ፤ እባካችሁ ይህን ማንም እንዳያልፈው። የአየር ሞላ ያለው መኪና በክሪክ ከመነሣቱ በፊት ቁመቱን በራሱ የሚያስተካክለው ሥርዓት መመሪያው በሚያዘው መንገድ መዘጋት አለበት። አለበለዚያ መኪናው ከፍታውን ለማስተካከል አየር ሊለቅ ይችላል። በብረት ማቆሚያ ያልተደገፈ መኪና ሥር ማንም ሰው፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ አይግባ።

መልስ 6 የአየር ሞላውን ጨርሶ አውጥቶ በብረት ሞላ መተካትን መከረ፤ እሱ አድርጎት ከጭንቀት ተገላግሏል። መልስ 7 ተቃወመው። መኪናው የተቀመረው ለአየሩ ልስላሴ ነው፤ የብረት ሞላ ሲገባ የከፍታ ሴንሰሮቹ ግራ ይጋባሉ፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱም ኮምፒውተሩ ካልተስተካከለ አይጠፋም። እኔ ከመልስ 7 ጋር ነኝ። በዚያ ልስላሴ ምክንያት የተመረጠ መኪና ልስላሴው ከወጣለት ከባድና ውስብስብ ብረት ብቻ ይቀራል።

መልስ 8 የሌላ ችግር ጥያቄ ነው። ጸሐፊዋ መኪናዋ ለሁለት ሳምንት ያህል ከቆመ ባትሪው ባዶ እንደሚሆን፣ ባትሪ ብትቀይርም እንዳልተሻለው ገልጻ እህት ወንድሞቿን እርዱኝ ብላለች። መልስ 9 በሚገባ አስተናግዷታል። እነዚህ መኪኖች ውስጥ ብዙ ኮምፒውተሮች አሉ፤ መኪናው ከተቆለፈ በኋላ ተራ በተራ ይተኛሉ። ሁሉም ሲተኙ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ እንደ ደንብ ከ50 ሚሊአምፔር በታች ሊሆን ይገባል። አንዱ ካልተኛ ባትሪው አዲስም ቢሆን ያልቃል። መለካት የሚገባው ታዲያ ወዲያው ሳይሆን መኪናው ጊዜ አግኝቶ ከተኛ በኋላ ነው፤ በር ወይም ኮፈን መክፈት መልሶ ይቀሰቅሰዋል። ቁልፍ ሳይነካ በሩ የሚከፈት መኪናም ቁልፉ አጠገቡ ካደረ ሊነቃ ይችላል። ብዙ ለሚቆም መኪና ባትሪውን ቀስ እያለ የሚሞላ ቻርጀር እንድትገዛ መክሯታል።

ከዚያው ጋር አዲስ ባትሪ በስካነር ለመኪናው መመዝገብ እንዳለበት ሲናገር በሁሉም መኪና ላይ እንደሆነ አድርጎ ነበር። መልስ 10 እዚህ ላይ አረመው። ምዝገባው እንደ ቢኤምደብሊውና ኦዲ ባሉት ብዙ ሞዴሎች ላይ ያስፈልጋል፤ በሁሉም ግን አይደለም። ዓላማውም ግልጽ ነው። መኪናው ባትሪው ስንት ዓመት እንዳገለገለ ስለሚቆጥር የአሞላሉን ልክ በዚያ ይወስናል፤ ካልተነገረው አዲሱን ባትሪ እንደ አሮጌ ይሞላዋል። የባትሪው ዓይነት ከተራ ወደ ኤጂኤም (አሲዱ በመስታወት ጭረት ምንጣፍ ውስጥ ተይዞ የሚቀመጥበት ባትሪ) ከተለወጠ ደግሞ ምዝገባ ብቻ አይበቃም፤ ዓይነቱና መጠኑም በኮምፒውተሩ ውስጥ መቀየር አለበት። በኤጂኤም ቦታ ተራ ባትሪ ማስገባትን ሁለቱም ከልክለዋል።

ከመልስ 11 እስከ 13 ስለ ነዳጅ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ባለ ከፍተኛ ኦክቴን (ያለጊዜው መቀጣጠልን በደንብ የሚቋቋም) ነዳጅ ለሚጠይቅ ሞተር ዝቅተኛውን ከሞሉለት ሴንሰሩ መንኳኳቱን ሰምቶ ማቀጣጠያውን ያዘገያል፤ ጉልበት ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይበላል። ባለ ዝቅተኛ ኦክቴን ለሚበቃው ሞተር ግን ውዱን መሙላት የሚጨምርለት ነገር የለም። ሦስቱም የተስማሙበትን ነገር በሦስት መንገድ ሲጽፉ ነበር።

መልስ 14 የተሻለ ነገር ይዞ መጣ፤ በመኪናዬ ሞተር ላይም በቀጥታ ይሠራል። ነዳጁ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ሲረጭ የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹ ጀርባ በነዳጅ አይታጠብም። ከሞተሩ ውስጥ የሚመለሰው የዘይት ጭጋግ እዚያ እየጋገረ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መንቀጥቀጥ፣ ጉልበት ማነስ፣ አንዱ ሲሊንደር መሳት ከምልክቶቹ ውስጥ ናቸው። መልስ 15 ነዳጅ ታንክ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ ፈሳሽ እንደሚበቃ ጻፈና የመልስ 14 ጸሐፊ ተቆጣ። ቁጣው አያስፈልግም ነበር፤ ክርክሩን ግን እሱ አሸንፏል። ነዳጁ ራሱ ወደ ቫልቩ ጀርባ ካልደረሰ በነዳጁ ውስጥ ያለው ማጽጃ በየት በኩል ይደርሳል? ፈሳሹ የመርጫውን አፍ ሊያጸዳ ይችላል፤ ቫልቩን የሚያጸዳው ግን የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በአየር ግፊት እየተረጨ የሚሠራው ሥራ ነው። ቶዮታና ሌክሰስ ዲ-4ኤስ በሚባለው አሠራራቸው ለአንድ ሲሊንደር ሁለት መርጫ፣ አንዱን በቀጥታ ሌላውን ከቫልቩ በፊት፣ ማድረጋቸው ይህንንም ችግር እንደሚያቃልል መልስ 14 አክሏል።

መልስ 16 ስለ ሞተር ዘይት ነው። አንዳንድ የአውሮፓ አምራቾች የዘይት ቅያሬውን እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ወይም 2 ዓመት ያራዝሙታል። ጸሐፊው ግማሹን እንኳ አይጠብቅም። ምክንያቱ ተርቦ ነው። ተርቦዎቹ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል የተቀመጡበት ቪ8፣ ለምሳሌ ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2008 ያመጣው ኤን63፣ ሙቀቱን እዚያው ስለሚያምቅ ዘይቱን፣ ጎሚኒዎቹንና የፕላስቲክ ቱቦዎቹን ሁሉ ያደርቃል። ብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች የዘይት መለኪያ ዘንግ ስለሌላቸው መጠኑ የሚታየው በስክሪን ነው፤ ትክክለኛው ልክ የሚገኘውም ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው። ስለዚህ በየተወሰነ ጊዜ ስክሪኑን ከፍቶ የማየት ልማድ እንዲኖረን አሳስቧል። መልስ 17 የአንድ ዘይት ስም ጠርቶ ሌላውን ሁሉ አጣጣለ፤ ከዚያ በመነሣት የተጻፈውን ስድድብ የመድረኩ አስተባባሪ አነሣው። ለማወቅ የሚጠቅመው ከቆርቆሮው ፊት ያለው ስም ሳይሆን ከጀርባው የተጻፈው የአምራቹ ፈቃድ ቁጥር ነው፤ ለመርሴዲስ ኤምቢ 229.5፣ ለቢኤምደብሊው ሎንግላይፍ-04 እንደሚባለው። የትኛው ቁጥር ለየትኛው ሞተር እንደሆነ መመሪያው ላይ አለ።

መልስ 18ን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ውሃ የተጻፈ ነው። የጣሪያ መስኮት ያለው መኪና ዝናብ አይገባውም ብለን እናስባለን፤ እውነቱ ግን ውሃ በጠርዙ በኩል እንዲገባና በአራቱ ማዕዘን ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ወርዶ ወደ ውጭ እንዲፈስ ተደርጎ ነው የተሠራው። ቱቦዎቹ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውሃው መንገድ ይቀይራል። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው ገንዳም እንዲሁ ነው። መልሱን የጻፈው ሰው ምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ ሲጨመቅ ውሃ ሲወጣ ነው የነቃው፤ ከዚያ በፊት ለወራት የበር መቆለፊያው በራሱ ሲከፈት፣ የወንበሩ ማሞቂያ ሲጠፋ ሲመጣ እያንዳንዱን ለብቻው ሲያስጠግን ነበር። በብዙ የቅንጦት መኪኖች ኮምፒውተሮቹና የሽቦ መጋጠሚያዎቹ ወለሉ ላይ፣ ከምንጣፍ በታች ወይም የኋላ ዕቃ መጫኛው ጎን ነው የሚቀመጡት። ውሃው ከዚያ ሲተኛ መዳቡ ይዝጋል። ቱቦውን ለማየት ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ውሃ አፍስሶ ከመኪናው ሥር መውጣቱን መመልከት ይበቃል። በከፍተኛ የአየር ግፊት መንፋት ግን ቱቦውን ከውስጥ ሊያላቅቀው ስለሚችል አይመከርም። ወንድሜ፣ ይህን ስለጻፍክልን እግዚአብሔር ይስጥልን።

ከዚህ በኋላ ጎማ መጣ። መልስ 19 ያለ ነፋስ የሚሄዱ ጎማዎችን አነሣ። ነፋሳቸው ከወጣ በኋላ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳይበልጡ 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲያደርሱ ነው የሚሠሩት፤ እነሱ የተገጠሙበት መኪና ብዙ ጊዜ ስኮርት ጎማ የለውም። ጎናቸው ደረቅ ስለሆነ ቸርኬውም በጉድጓድ ላይ ይጎዳል። በአራቱም እግር የሚነዳ መኪና ላይ ሁለቱን አዲስ ሁለቱን የተበላ ማድረግ ኃይል አከፋፋዩን ያስጨንቃል። የጎማውን ዕድሜ ለማወቅ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ማየት ነው፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መልስ 20 ስለ ቸርኬ ቀለም ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 21 የፊት መስታወቱ የተሰበረበት ሰው ነው። ርካሽ መስታወት ካስገጠመ ወዲህ መስታወቱ ላይ የሚታየው የፍጥነት ቁጥር ድርብ ሆኖበታል። ምክንያቱን መልስ 22 አስረዳው። ለዚህ ማሳያ የሚሠራው መስታወት በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ያለው ፕላስቲክ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየቀጠነ የሚሄድ ነው፤ ተራው መስታወት ይህ ስለሌለው ምስሉን ሁለት ያደርገዋል። መስታወቱ ሲቀየር ከኋላው ያለው ካሜራም እንደገና መስተካከል አለበት። በራሱ ፍሬን የሚይዝ መኪና ካሜራው አሻግሮ የሚያየው የተዛባ ከሆነ አደጋ ነው።

መልስ 23 ከሁሉም የከረረው ነው። አዲሱን መግዛት ያልቻለ ሰው አሮጌውን የቅንጦት መኪና መንካት የለበትም፣ መንገዱን የሞሉት የተጎሳቆሉ መኪኖች የእንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው አለ። እኔን ጭምር ነው የነካው። መልስ 24 በእጥፍ መለሰለት። እነዚህን መኪኖች ለሁለት አሥርት ዓመታት በሕይወት ያቆዩት ራሳቸው እየፈቱ የሚገጥሙ ባለቤቶች እንጂ በየሦስት ዓመቱ አዲስ የሚቀይሩት እንዳልሆኑ ጻፈ። ነገሩን ያበረደችው የመልስ 25 ጸሐፊ ናት፤ ሙያዋ የሒሳብ ሥራ እንደሆነም ገልጻለች። ለጥገና የሚቀመጠው ገንዘብ የሚሰላው መኪናው በተገዛበት ዋጋ ሳይሆን አዲስ ሳለ በነበረው ዋጋ መሆን አለበት፤ ይህን ማስቀመጥ የማይችል ሰው ከመግዛቱ በፊት ይወቀው ብላለች። ከመግዛት በፊት 17 ፊደላትና አሃዞች ባሉት የሻንሲ ቁጥር የአገልግሎት ታሪኩን ማጣራት፣ ከዚያም የሞተሩን ብቻ ሳይሆን የኮምፒውተሮቹን ሁሉ የስህተት መዝገብ በሚያነብ መሣሪያ ማስመርመር ግድ ነው። ርካሹ የእጅ ስካነር ብዙ ጊዜ የሞተሩን ብቻ ያያል፤ የአየር ሞላውንና የበሩን ኮምፒውተር አይደርስባቸውም። የመልስ 23 ጸሐፊ የሐሳቡን ፍሬ ያለ ስድብ ያገኘው እዚህ ነው፤ ዳግመኛም አልጻፈም።

መልስ 26 የእኔ ነው። የካምቢዮውን ዘይት ከነፊልትሮው አስቀይራለሁ፤ ልኩን በስካነር ሙቀት እያየ የሚሞላ ባለሙያ አግኝቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን የጣሪያ ቱቦዎቹንና የአየር ሞላውን አያለሁ፤ ሁለቱም በውሃ የሚታዩ ናቸው፣ ወጪ የላቸውም።

መልስ 27 የኋላ የፍሬን ሸራ ራሱ ለመቀየር ላሰበ ሁሉ የተላለፈ ማሳሰቢያ ነው። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ የፍሬኑ ሞተር መጀመሪያ በስካነር ወይም በመመሪያው በተጻፈው ቅደም ተከተል ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለበት፤ ፒስተኑን በጉልበት የሚገፋ ሰው የውስጥ ጥርሶቹን ይሰብራል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየ2 ዓመቱ እንዲቀየር ጨምሯል።

እስካሁን የመጨረሻው መልስ 28 ነው፤ ጠያቂው ከተለመደው 12 ቮልት ሌላ የ48 ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር ያለው መኪና ሊገዛ ነው። ኦዲ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ኤ8፣ መርሴዲስም በዚያው ዓመት ባደሰው ኤስ ክላስ ላይ ይህን አስገብተዋል። መርሴዲስ ኤም256 ባለው ስድስት ሲሊንደር ሞተር ቀበቶ ጭራሽ የለም፤ የውሃ ፖምፓውና የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር በኤሌክትሪክ ይዞራሉ። ጠያቂው እንዲህ ያለ ሞተር ሲያረጅ ቀድሞ የሚደክመው ምኑ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። በእጁ የሠራበት አባል ካለ ዝርዝሩን ይጻፍለት።